ከካርቶን ሥር የተደበቀው ጋስኬት

ባለ መለዋወጫዋና ባሏ መካኒኩ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት። ሱቋንና ጋራዡን የሚለያያቸው አንድ ግድግዳ ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ ዕቃ የሚቀባበሉባት ጠባብ መስኮት አለች። እርሱ ሞተር ሳይክል ፈትቶ «ጋስኬት!» ብሎ ሲጣራ፣ እርሷ ያንን በሞተሩና በክዳኑ መካከል ገብቶ ዘይት የሚያግደውን ስስ ወረቀት በመስኮቷ ታቀብለዋለች። መካኒኩ በዚህ ረገድ የማይናወጥ ሕግ ነበረው፤ አንዴ የተፈታ ጋስኬት ተመልሶ አይገባም። «አሮጌ ጋስኬት መልሶ መግጠም የፈቷትን ሚስት መልሶ እንደ ማግባት ነው፤ ለጊዜው ይይዛል፣ ኋላ ማፍሰሱ አይቀርም» እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር።

የቤቱ ሰላም የደፈረሰው አዋላጇ ደንበኛ ከሆነች ወዲህ ነው። አዋላጇ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ከመንደር መንደር በሞተር ሳይክል እየዞረች የምታዋልድ፣ ሳቋ ከሞተሯ ድምፅ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ናት። በጋራዡ በር ተቀምጦ ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤት ደግሞ ከጎማ ይልቅ ነገር መንፋት ይቀናዋል።

«እትዬ፣ ሳቂታዋ መጥታለች» አላት አንድ ቀን ጠዋት። «ጋሼም ፂማቸውን ተላጭተው ወጣት መስለዋል።»

«እርሱ ሁልጊዜም ይላጫል። አንተ ጎማህን ንፋ!»

እንዲህ ትበለው እንጂ፣ ባሏ ገና ትናንት ተላጭቶ ዛሬም መድገሙን ልብ ብላለች።

ወዲያው «የክላች ክዳን ጋስኬት!» የሚል ጥሪ በመስኮቷ ገባ። ለዚያ ዓይነት ሞተር የሚሆን አንድ ጋስኬት ብቻ ቀርቷት ነበር። እጇን ዘርግታ አነሣችው፤ በዚያው ቅጽበት ሳቁ ተሰማ። ጋስኬቱን ባዶ ካርቶን ሥር ሸሸገችና «አልቋል!» አለች። ባሏ ሕጉን እንደማያፈርስ እርግጠኛ ነበረች፤ እንግዲያው ሴትዮዋ ሞተሯን ይዛ ሌላ ጋራዥ ትፈልግ!

አዋላጇ በመስኮቷ በኩል የማይለይ ነገር ለመካኒኩ አለችው። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ከተናገረ በኋላ፣ «ግድ የለም ሲስተር፤ አሮጌው ደኅና ነው፣ እርሱኑ እንመልሰዋለን» ሲል ሰማችው።

ባለ መለዋወጫዋ ወደ መስኮቷ ተጠጋች። ለማንም ያላጠፈውን ሕግ ለዚህች ሴት ሲል አጠፈው! ዓይኗን ከመስኮቷ ላይ መንቀል አቃታት። ባሏ የተጣበቀውን ጋስኬት በምላጭ ጫፍ፣ እንዳይቀደድ እየተጠበበ ላቀቀው። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ አበሰው፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀዳዳ እንዳለው መረመረው፤ ሲሊኮን የሚሉትን ማጣበቂያ በጣቱ ጫፍ እያሳሳ ዙሪያውን ቀባው። ሴትዮዋም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታየዋለች። «የእኔን እጅ እንኳ እንዲህ አድርጎ ይዞት አያውቅም» አለች በሆዷ።

«አንተ ሰውዬ! ና እስቲ ይህን ሣጥን አውርድልኝ!»

«እጄ ተይዟል፤ ማጣበቂያው ይደርቅብኛል።»

«ለእኔ ሲሆን ነው እጅህ የሚያዘው?»

መጣና አወረደላት። «ይህን አይደለም፣ ያንን» አለችው፤ ያንንም አወረደ። አቧራውን ጥረግልኝ አለችው፤ ጠረገ። ሲመለስ ሲሊኮኑ ላዩ ደርቆ ቆዳ አውጥቶ ነበር። ሴትዮዋን ከዚህ በላይ ለማስቆየት አፍሮ፣ ክዳኑን እንደ ነገሩ ገጥሞ ብሎኖቹን አጠበቀ። «እስከ ነገ ሳይነሣ ይደር» አለ፤ አዋላጇም በማግሥቱ መጣች። ዘይት አንጠባጥቧል ብላ ደግሞ መጣች፤ እንደ ገና ተጠባብቆላት ሄደች። ጎማ ለጣፊው ደስታውን አልቻለም።

«እትዬ፣ ይቺ ሞተር እዚሁ ጋራዥ ውስጥ አራስ ልትሆን ነው መሰለኝ!»

ባለ መለዋወጫዋ ልታርቃት ጉድጓድ ቆፍራ፣ ጭራሽ መንገድ ጠረገችላት። ባሏን በጎን እያየች የምትናገረውን ሁሉ በማኩረፍ ለወጠችው።

በመጨረሻ አዋላጇ ሞተሯን በእጇ እየገፋች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መጣች። ሳቅ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈስሶ አለቀ። የቀረውን በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ የሕፃኑ እትብት አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። በሕይወት ወጣ፤ ግን ትንሽ ብዘገይ ኖሮ…» ሞተሯን አቁማ ወደ መካኒኩ ዞረች። «ከላይኛው ሱቅ አዲስ ልግዛ ብዬዎት አልነበረም? ምን አሉኝ? ‹የባለቤቴ ሱቅ ዕቃ ጎደለው እንዲባል አልፈልግም፤ አሮጌው ደኅና ነው› አሉኝ!»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሲስተር» አለ።

ሚስቱ መስኮቷ ሥር ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ያ ሁሉ መጠበብ፣ ያ የታጠፈ ሕግ ለእርሷ ለራሷ ስም ኖሯል። ካርቶኑን አነሣች፤ ዞራም በጋራዡ በር ገባችና ጋስኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይህ ከየት መጣ?» አለ ባሏ።

«ከቤቱ አልወጣም ነበር። ደብቄው ነው።»

«ለምን?»

«ቀንቼ» አለች፤ ጀርባዋን እንዳቀናች፣ ቃሉን ሳታለሳልስ።

ጎማ ለጣፊው ከበሩ አንገቱን አሰገገ። አዋላጇ ትስቃለች ብለው ሲጠብቁ አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ያ ሕፃን ቢሞት ኖሮ ለእናቱ ምን ይሏት ነበር?»

ባሏ ብሎኖቹን ፈታ፤ ክዳኑን አወረደ፤ ከዚያም ምላጩን በሚስቱ እጅ አኖረላት።

«የደረቀውን ሲሊኮን አንቺ ፋቂው። ብረቱን ከጫርሽው ግን አዲሱም አይዝም።»

በንጹሕ ቀሚሷ ዘይት በጠገበው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና መፋቅ ጀመረች። ጎማ ለጣፊው አፉን ሊከፍት ሲል «አንድ ቃል ትተነፍስና ጎማህን አንገትህ ላይ አጠልቅልሃለሁ!» አለችው። ጥቂት ቆይታ አዋላጇ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዛ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ የተፋቀውንም ማበስ ያዘች።

መካኒኩ ከበላያቸው ቆሞ አንድ ቀልድ ጣል አደረገ። አዋላጇ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ምላጩ ብረቱ ላይ ቀጥ አለ። ባለ መለዋወጫዋ ቀና ብላ ሁለቱን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ብረቱን እንዳትጭር እየተጠነቀቀች መፋቋን ቀጠለች።