ወፍጮ ቤት አይደለም

ነርስ የምሥራች ክንዷን በዱላ ከተመታች ሁለት ወር አልፏታል። አጥንቱ ገጥሟል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ዱላ የያዘ ሰው ባየች ቁጥር መርፌውን አስቀምጣ ከክፍሉ ትወጣለች። ዳንግላ አካባቢ ደግሞ ዱላ የማይዝ ገበሬ ከየት ይመጣል? የምትወደውን ሥራ ልትተወው እንደሆነ ስታስብ እንባዋ ይቀድማታል።

የመታት አበረ የሚባል፣ ልቡ ደግ፣ እጁ ግን ፈጣን ገበሬ ነው። በወባ የሚንዘፈዘፍ ወንድሙን ይዞ ጤና ጣቢያ ተራ ሲጠብቅ፣ ከእሱ ኋላ የመጣች ደም የሚፈሳት ወላድ የምሥራች አስቀድማ አስገባቻት። እሱ የሚያውቀው የወፍጮ ቤት ተራ ነው፤ እህሉን ቀድሞ ያስቀመጠ ቀድሞ ያስፈጫል። «ባላገር ስለሆን ነው የናቃችሁን!» ብሎ ሰነዘረ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። አበረ በዋስ እንደተፈታ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ጤና ጣቢያው ግቢ ድረስ መጥቶ ተንበረከከ።

«ድንጋዩን አውርደው፤ ይቅር ብያለሁ» አለች የምሥራች። «ካሳዬ ግን አንድ ነው። አራት የገበያ ቀን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆመህ፣ ይህ ወፍጮ ቤት አለመሆኑን ለሰው ታስረዳለህ። ከሚገባው ሰው ሁሉ ዱላውንም ትረከባለህ።»

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ካሳ ሰምተው ስለማያውቁ እርስ በርስ ተያዩ። አበረ ግን ቃሉን አከበረ፤ እንዲያውም አበዛው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ እንኳ ጃንጥላቸውን ሳያስረክቡ አላለፉም። «የባሰበት ይቅደም!» እያለ ሲያውጅ በሽተኛው ሳይቀር ይስቃል። የምሥራችም ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ከእጁ አይነቀልም።

በአራተኛው ገበያ የአበረ እናት እማማ እታለማሁ ጉንጫቸውን ይዘው መጡ፤ ጥርሳቸውን አሟቸዋል። ሊገቡ ሲሉ አንዲት ሴት ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ደረሰች። የምሥራች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ቁጡ ሰው በእናቱ ሲመጡበት ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?

አበረ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሕፃኑን አየ።

«እማ፣ ቁጭ በይ። ጥርስ ይጠብቃል፤ ትንፋሽ አይጠብቅም።»

«ለእኔ ለወለድሁህ?» ብለው ከዘራቸውን ሊያነሡ ሲሉ፣ ለካ ቀድሞ ተቀብሏቸዋል። «ከዘራዬን አምጣ!»

«ስትወጪ ትወስጃለሽ።»

የምሥራች ሳቋ አመለጣት። ሕፃኑን ተቀብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ለአበረ ሰጥታ ወደ ሥራዋ ገባች።