የኩባያዎቼ ሰልፍ

ምራቴ ኩባያዎቼን እየነካካች ነው። በዐይኔ አይቼ አይደለም፤ ነገሩን ሁሉ ያመጣው በዐይኔ የማየው ነገር እያነሰ መሄዱ ነው። እጅ ግን አይዋሽም። ትናንት ጠዋት የስኳሩን ኩባያ ካስቀመጥኩበት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አገኘሁት።

ኩባያዎቹ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ፣ አፋቸው ሰፋ ያለ ትንንሽ ብርጭቆዎች ናቸው። ካስተርድ ለሚባል ከወተትና ከእንቁላል ለሚሠራ ጣፋጭ የተሠሩ ናቸው አሉ። በዚህ ቤት ካስተርድ የቀመሰ ሰው ስለሌለ ከነካርቶናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ አውጥቼ ሥራ ሰጠኋቸው። ከምድጃው ቀጥሎ ጨው፣ ከጨው ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ እርድ፣ ግድግዳው ጋ ቁንዶ በርበሬ። አንዱ እንቁላል የምሰብርበት ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ሰብሬ አሸተዋለሁ፤ የተበላሸ ከሆነ ሌሎቹን ሳያበላሽ ይደፋል። መስኮቱ ሥር ያለው ኮምጣጤና የሳሙና ጠብታ ይዞ ዝንብ ያጠምዳል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የጠዋት ኪኒኔ ላስቲክ የታሰረበት ኩባያ ውስጥ፣ የማታው ያልታሰረበት ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን ዓይነት ባለሙያ ሴት ናት ይላል። ልጄማ፣ የምራቴ ባል ማለት ነው፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ሳይቀር ያወራልኛል። ሰልፉ ሙያ ሳይሆን ዐይን መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

እንዳይታወቅም ስደክም ነው የኖርኩት። ቀኝ ዐይኔ ከጠፋ ቆየ። ግራው ብርሃንና ጥላ ይለይልኛል፤ እሱም እንደ ቀኑ ነው። ልጄ ይህን የሰማ ዕለት ምድጃውንም የልጅ ልጄንም ከእጄ ይወስዳል። እናቱን በጣም ይወዳል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሶፋ ላይ አስቀምጦ «እማዬ፣ እንዳትነሺ» ይለኛል፣ እኔም እንደ ቤት ዕቃ አቧራዬ እየተጠረገልኝ እኖራለሁ። የልጅ ልጄ መዳህ ጀምራለች፤ እናትና አባቷ ሥራ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ የእኔ ናት። እሷን ከሚነጥቁኝ የቀረውን ዐይኔን ቢወስዱት ይሻለኛል።

ምራቴ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ናት። ሥራዋ ሰውን ከኋላው ቆሞ በመስታወት ማየት ነው፤ እንዲህ ካለ ሰው ምን ይደበቃል? ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ እሱም አይጥመኝም። ሰሞኑን ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር ትከተለኛለች። በፀጉር ቅባቷ ሽታ አውቃታለሁ። ምንም ሳትሠራ ትቆማለች፤ ምን ፈለግሽ ስላት ውሃ ልጠጣ ብዬ ነው ትላለች። ያን ሁሉ ውሃ ግመልም አይጠጣው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባል የለ? ማስረጃ እየፈለገችብኝ ነው አልኩ። አንድ ቀን ጨውና ስኳሩን ታቀያይራለች፣ እኔም የልጄን ሻይ ጨው በጨው አደርገዋለሁ፣ እሷም ዐይኗን ሰበር አድርጋ «ኧረ ምንም አይደል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?

ስለዚህ ቀደምኳት። ዛሬ ጠዋት ልጄ ከወጣ በኋላ ጨውንና እርዱን በገዛ እጄ አቀያይሬ፣ ሕፃኗን ይዤ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ክፉ አሳቢ ከሆነች እንዳለ ትተወውና ስሳሳት ቆማ ታያለች። ጆሮዬን ወደ ወጥ ቤቱ ጣል አድርጌ ጠበቅሁ። ገባች። ከዚያ ብርጭቆ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ወዲያው ሌላ ብርጭቆ። ስትወጣ እኔ ገብቼ በጣቴ ነካሁ። ጨው በጨው ቦታ፣ እርድ በእርድ ቦታ ተመልሰዋል። ሰልፉን እንደ እኔው በቃሏ ታውቀዋለች።

በሩ ጋ ጫማዋን ስታደርግ ደረስኩባት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

ምኑን ነው ብላ አልተሸፋፈነችም። ለዚህስ በልቤ አመሰገንኳት።

«እኔ እዚሁ ክፍል ቆሜ፣ ልጅቷን ‹እናትሽ እኮ ሄደች› ያሏት ቀን» አለች።

ፊቴ ጋለ። ለባልሽ ነግረሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አልነገርኩትም አለች። ለምን ስላት አዘንኩልዎት ልትለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

«ከነገርኩት ልጄን ለማን ጥዬ ነው ሥራ የምሄደው፣ እማማ? ሁለት ቀን ከቀረሁ ወንበሬን ለሌላ ይሰጡብኛል። እርስዎ ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

አዘንኩልዎት ብትል ኖሮ አላምናትም ነበር። ለራሱ ሲል ዝም ያለን ሰው ግን አምነዋለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ስኳሩን ያንቀሳቀሰችው አልቆ ስለነበር ስትሞላው እንደሆነ ነገረችኝ። ውሃ የተባለውም ምድጃው እንዳያቃጥለኝ ስትጠብቀኝ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ስሰልላት የኖርኩት ይህችን ነው። ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች። ዝም አይነቅዝም እያልን ወደፊትም አብረን ዝም ልንል ነው አልኩ በልቤ።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ካደረገች በኋላ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ግራው ግን ደህና ነው አይደል? ልጅቷን ያዩዋታል?»

አዎ እንድላት ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። እኔም አዎ ማለት ነው የፈለግሁት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ምራቴም ወንበሯ አይነካባትም፣ እኔም ልጅቷን እንደያዝኩ እኖራለሁ።

ሕፃኗ እየዳኸች መጥታ ቀሚሴን ያዘች። አፏ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ጎንበስ አልኩ። ፊቷ ባለበት ቦታ ነጭ ብርሃን ብቻ አለ። ጣቴን ስዘረጋ ጉንጯን ሳትኩትና ጆሮዋን ነካሁ፤ እሷም እየሳቀች ዞረችብኝ። ቀጭ ቀጩ ቆመ።

«አፏ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም» አልኩ። «እይልኝ።»

ምራቴ ተንደርድራ መጣች። የዳቦ ቅርፊት ነበር። ልጅቷን ታቅፋ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ስታስቀምጠው ሰማሁ።