እስከ መርከቡ

ጋሼ ፍቅረሥላሴ ጠፈር ላይ የሞቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሞቱትም እንግዳ ሊሸኙ ወጥተው ነው።

የሚጫወቱት የቪዲዮ ጌም ቀላል አይደለም። ሰው በማያውቀው ፕላኔት ላይ ይወርዳል። አየሩ አይተነፈስም፣ ብርዱ ያደርቃል፤ ድንጋይ እየቆፈረ ኦክስጅን ያወጣል፣ መጠለያ ይሠራል፣ ሲደላው ደግሞ ወደ ሌላ ጨረቃ ይሻገራል። አባቴና ጋሼ ፍቅረሥላሴ የሚጫወቱት በአንድ ነፍስ ነው። ጠፈርተኛህ ከሞተ የሠራኸው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ያን ጊዜ አንድ የማያውቁት ተጫዋች መጠለያቸው ድረስ መጥቶ ጥቂት ብረት ሰጣቸው። ሲሄድ ጋሼ ፍቅረሥላሴ በር ላይ ሊሰናበቱት አልሆነላቸውም፤ እስከ መርከቡ ሸኙት። መርከቡ ከኮረብታው ማዶ ነበር። ልጁ ተነሥቶ በረረ፣ እሳቸው ግን ለመመለሻ የሚሆን ትንፋሽ አልቀራቸውም። አባቴ በማዳመጫው "ሰውዬ ተመለስ" እያለ ሲለምናቸው፣ "ቤቴ የመጣን ሰው እንዴት መንገድ ላይ ልተወው?" አሉት ይባላል።

ይባላል የምለው ያኔ ስላልነበርኩ ነው። ኔዘርላንድስ የውሃ ምህንድስና እየተማርኩ ነበር። ጌሙን ግን የገዛሁለት እኔ ነኝ። አባቴ ውድነህ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት መንገደኛ የሚያመላልሰውን የኤርፖርት ሸትል መንዳት ሲያቆም፣ ከሶፋው አልነሣ እንዳለ እናቴ በስልክ ነገረችኝ፤ ምናልባት ጊዜ ቢያሳልፍበት ብዬ ላክሁለት። ይነካዋል ብዬም አልነበረም። ተምሬ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ወዳለው ቤታችን ስመለስ ከቴሌቪዥኑ ፊት እንደ ፓይለት ተቀምጦ፣ እንግልውድ ከሚኖሩት ጓደኛው ከጋሼ ፍቅረሥላሴ ጋር በማዳመጫ ስለ አንዲት በረዷማ ጨረቃ ሲከራከር አገኘሁት። ክረምቱን ሙሉ የኦክስጅን ጠርሙስ እየሞሉ ያከማቹ ነበር፣ ወደዚያች ጨረቃ ለመሻገር። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም።

እናቴ ከበቡሽ ግን ታውቅ ነበር። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እያወለቀች ወደ ቴሌቪዥኑ ታይና፣ "እዚያ ስጠብቃቸው ውዬ እዚህም ሁለት ሽማግሌ ድንጋይ ሲለቅሙ ላይ?" ትላለች።

እኔ ሥራ እየፈለግሁ ነበር፤ አንድ ቀን ዴንቨር ልኑር እላለሁ፣ ሌላ ቀን ተመልሼ ልሂድ እላለሁ። ላፕቶፔን ይዤ አጠገቡ ስቀመጥ አባቴ ሳልጠይቀው ያስተምረኛል። ከመርከብሽ አትራቂ፤ ከራቅሽም ትንፋሽሽ ግማሽ ሳይደርስ ተመለሺ። ኦክስጅን የሚሞላው ሲያልቅ አይደለም፣ ሳያልቅ ነው። አውሎ ነፋስ ሲነሣ አትሩጪ፣ ሩጫ ትንፋሽ ይበላል፤ ቋጥኝ ተጠግተሽ ወይም መጠለያ ገብተሽ እስኪያልፍ ጠብቂ። ኮንትሮለሩን ከማስቀመጥሽ በፊት፣ ውሃ ለመጠጣትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሰውዬሽን ቤት አስገቢ። ይህን የመጨረሻውን ያወጡት ጋሼ ፍቅረሥላሴ ናቸው፣ ከሞቱ በኋላ። አባቴ "እንግዳ የሚሸኘው በር ድረስ ነው" የሚልም ሊጨምርበት ፈልጎ ነበር። እሳቸው አልፈርምም አሉ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶ እየጣለ ነበር። ሁለቱ ከካምፓቸው ወጥተው አንድ ዋሻ ሊያዩ ሜዳውን እያቋረጡ ሳለ፣ በማዳመጫው የጋሼ ፍቅረሥላሴ ድምፅ "አንድ ጊዜ፣ መጣሁ" አለ። በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ጠፋ።

አባቴ ጠበቀ። ስክሪኑ ላይ የጋሼ ፍቅረሥላሴ ጠፈርተኛ የራስ መብራቱን አብርቶ ሜዳ ላይ ተገትሯል። አባቴ ጠራቸው፣ መልስ የለም። በጠፈርተኛው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ። ስልክ ደወለ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም።

"አንድ ነገር ሆኗል" አለ።

የማዳመጫው ባትሪ አልቆ ይሆናል አልኩት። መጸዳጃ ቤት ገብተው ይሆናል፣ ኢንተርኔቱ በበረዶው ተቋርጦ ይሆናል።

"ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ሰውዬው ከስክሪኑ ይጠፋል። ይኸው ቆሟል። ፍቅሬ ደግሞ ሰውዬውን ሜዳ ላይ ትቶ አይነሣም።" ማዳመጫውን አወለቀ። "ስኳር አለበት እኮ፣ ስሙዬ።"

ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ። ጋሼ ፍቅረሥላሴ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጆቻቸው ዳላስ ናቸው። ባለፈው ዓመት ስኳራቸው ወርዶ ኩሽና ውስጥ ወድቀው ያገኟቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፣ ያውም በአጋጣሚ። ሰው ሄዶ እንዲያያቸው ድንገተኛ እርዳታ ጋ ደወልኩ፤ እንልካለን፣ ግን መንገዱ በግጭት ተዘጋግቷል አሉኝ። አባቴ ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ደርሷል። ከዚያ ቆመና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

ሁለታችን ከወጣን የጋሼ ፍቅረሥላሴ ጠፈርተኛ ትንፋሹ አልቆ መሞቱ ነው። አጠገቡ ያለ ተጫዋች ግን በቱቦ ከራሱ ኦክስጅን ሊያካፍለው ይችላል። አባቴ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረችውን እናቴን እጇን አስጠርጎ ኮንትሮለሩን አስያዛት። ማዳመጫውንም ጭንቅላቷ ላይ አደረገላት።

"የሱ ቀይ ሲበራ ይቺን ተጫኚ። ያንቺ ቀይ ሲበራ ይቺን። ሌላ ምንም አትንኪ።"

"ሰውዬው ወድቆ ሊሆን ይችላል እያላችሁ እኔን ጌም ታስይዙኛላችሁ?"

"ደህና ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው" አለ አባቴ።

ደህና ሆኖ ከተገኘ። መኪና ውስጥ ይህችን አንድ ቃል ነበር የምፈራት። የምነዳው እኔ ነኝ፤ የሃቫናን ጎዳና ትተን በሎውሪ አቋረጥን፤ ሞናኮ የሚባለውን መንገድ ይዘን ወደ ሃምፕደን ወረድን። በረዶው መስታወቱ ላይ እየተለጠፈ ዋይፐሩ ይንጫጫል። አባቴ ደጋግሞ ይደውላል፣ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል። እኔ በሐሳቤ ምክንያት እደረድራለሁ፤ ተኝተው ይሆናል፣ ጎረቤት ሄደው ይሆናል። በእያንዳንዱ ቀይ መብራት አንዱ ምክንያት ይወድቅብኛል። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፦ "ባለፈው ሳምንት ና እኛ ጋ እደር ብዬው ነበር። መንገዱ ራቀኝ አለ።"

እንግልውድ ስንደርስ የሕንፃው የውጭ በር ተቆልፏል። ደወሉ ከገና ጀምሮ አይሠራም። በመስኮት እንዳናይ ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። አባቴ በጡጫው በሩን ይመታል፣ እኔ ሌላ መግቢያ ፍለጋ እየተንሸራተትኩ በጎን ዞርኩ። ከፓርኪንጉ ጥግ ተከራዮቹ ልብስ የሚያጥቡበት የላውንድሪ ክፍል አለ፣ ለብቻው የተሠራ፤ በሩ በላዩ ብቻ ገጠም ብሏል፤ ውስጡ መብራት ይታያል። ገፋ አደረግሁት።

ጋሼ ፍቅረሥላሴ በነጠላ ጫማ፣ በካልሲ፣ በሹራብ፣ የጌም ማዳመጫቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የሚሽከረከር ማድረቂያ ማሽን ላይ ጀርባቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል።

"ስምረት?" አሉ። "አንቺ በዚህ በረዶ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

ጮኼ አባቴን ጠራሁት። እያነከሰ ገባ፣ አያቸው፣ ሁለት እጁን ትከሻቸው ላይ ጣለና ጥብቅ አድርጎ ያዛቸው። ከዚያ መስደብ ጀመረ። እኔም ሰው እንዳይልኩ መልሼ ደወልኩ፤ አድራሻውን ስነግራቸው ድምፄን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤናዬ የምትባል የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ፣ በአቅራቢያው ሆስፒታል የምትሠራ፣ ከሥራ ወጥታ ስታልፍ የአጃ ሾርባ አምጥታላቸው ነበር። ስትሄድ ሸኟት። ደረጃውን ወረዱ፣ በሩን አለፉ፣ መኪናዋ ድረስ ሄዱ፣ አልፈው ተርፈው የመስታወቷን በረዶ በእጅጌያቸው ጠረጉላት። እሷ ስትወጣ ወደ ኋላ ቢሉ የሕንፃው በር ራሱን ቆልፏል። የቤታቸው በር ክፍት ነው፣ ቁልፉም ስልኩም ግን እዚያው ፎቅ ላይ ነው።

"ነዳጅ ማደያው ድረስ ሄደህ ስልክ ብትለምን ምናለበት?" አለ አባቴ።

"በነጠላ ጫማ? ከመርከብህ አትራቅ ያልከው ማን ነው?" ጣታቸውን ወደ ማድረቂያው ቀሰሩ። "ይሄ ልብስ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ይመጣል። ቁልፍ አለው። እዚህ ደግሞ ይሞቃል። ሮጬ የት ልደርስ?"

ያን ያህል ተረጋግተው ቆይተው አሁን ፊታቸው ተለወጠ።

"ሰውዬዬስ?"

"ከበቡሽ ይዛዋለች።"

"ከበቡሽ?" ጭንቅላታቸውን ማሽኑ ላይ አስደገፉ። "በቃ፣ ሞቻለሁ።"

ቤት ደውዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። እናቴ ከማንሣቷ "ተገኙ?" አለች። ተገኝተዋል፣ ደህና ናቸው አልኳት። "ተመስገን" አለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ወዲያው ደግሞ፣ "እዚህ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ፣ ምንድን ነው እሱ?"

አውሎ ነፋስ ነበር። ሁለቱም ባንድ ላይ መናገር ጀመሩ። አባቴ ወደ ካምፕ ግቢ ይላል፣ ጋሼ ፍቅረሥላሴ እንዳትሮጪ ይላሉ። አባቴ በግራ በኩል ቋጥኝ አለ ይላል፣ እሳቸው በቀኝ ነው ይላሉ። እናቴ ግራና ቀኙ ከማን አንጻር እንደሆነ ጠየቀች። የማድረቂያው ማሽን ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

"ከቡዬ" አለ አባቴ በመጨረሻ፣ ረጋ ብሎ። "እሱ መንቀሳቀስ አይችልም። አንቺ ግን ትችያለሽ። መጠለያ ግቢ፣ አለዚያ ሁለቱም ይሞታሉ።"

"እሳቸውን ሜዳ ላይ ትቼ?"

"ጌም ነው እኮ።"

"ዛሬ ነው ጌም የሆነው?" አለች እናቴ።

ጋሼ ፍቅረሥላሴ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ፈገግታቸውን ሊደብቁ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው መንገዱን እሳቸው ነገሯት፦ በነፋሱ በኩል ቁሚ፣ ጀርባሽን ስጪው፣ ምንም አትቁፈሪ፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ትንሽ ነው የሚተነፍሰው። ኦክስጅን እንዳያልቅባት አባቴ የጀርባ ቦርሳውን እንድትከፍት ነገራት። ለበረዷማዋ ጨረቃ ያጠራቀሟቸው ጠርሙሶች እዚያ ነበሩ። ይህን ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

እናቴ አንዱን ከፈተች። ቀጥላም ሌላ። በመሃል ዝም ትልና "ቀይ በራ" ትላለች፣ ከዚያ "ጠፋ" ትላለች። እኔ ሁለቱን ሽማግሌዎች አያለሁ። እሳት እንደሚሞቅ ሰው ስልኬ ላይ አጎንብሰዋል።

ማድረቂያው ቆመ። በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ቅርጫት ታቅፎ ገባ። ሦስት ሰው በልብሱ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲያይ ደንግጦ ቆመ። ጋሼ ፍቅረሥላሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንደ ዘመድ ጨበጡት። ልብሱን አጥፌ ልስጥህ ሲሉትም ሰማሁ። ልጁ በሳቅ ቁልፉን አውጥቶ መራን።

ደረጃውን ሲወጡ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፣ ቢወድቁ ልይዛቸው። የቤታቸው በር እንደተባለው ክፍት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሾርባው ክዳኑን እንደያዘ ተቀምጧል። አንገታቸው ላይ ያለው ማዳመጫ ቤቱ ሲደርስ ጢጥ አለና ተገናኘ፤ ውስጡ የእናቴ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የምታወራው ለእኛ አልነበረም።

"አይዞዎት ጋሼ፣ መንገድ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ነው የቀረው" ትላለች። "ይቺን ይጠጡ። እንደዚያ። ደግሞ በዚህ ብርድ ቤት አይቀመጡም፣ ዋሻ ለማየት ይወጣሉ።"

ጋሼ ፍቅረሥላሴ ለአፍታ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ኮንትሮለሩን አነሡ።

"መጣሁ" አሉ።

ሜዳው ላይ ጠፈርተኛቸው ተንቀሳቀሰ። እናቴ እልል አለች፤ ማዳመጫው ተርገበገበ። ሁለቱ ጠፈርተኞች ቱቦ ለቱቦ እንደተያያዙ በነፋሱ ውስጥ እያዘገሙ ካምፕ ገቡ፤ እናቴ ሁለት ጊዜ ቋጥኝ ጋ ተጋጨች። ከጠርሙሶቹ አንድም አልተረፈም። እናቴ የክረምቱ ልፋት ባዶ መቅረቱን በእኔ ስልክ ስትነግረው አባቴ፣ "ጠርሙስ ነው፣ ይሞላል" አለ። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ መዳፉን ፊቱ ላይ አደረገ። ጋሼ ፍቅረሥላሴ ስኳራቸውን ለክተው ቁጥሩን አሳዩት። ደህና ነበር። ሾርባውን አሞቅሁላቸው፣ እስኪጨርሱም ሁለታችንም አጠገባቸው ተቀመጥን።

በረዶው ሲያባራ ተነሣን። እሳቸውም ተነሡ።

"ቁጭ በል" አለ አባቴ። "እንግዳ የሚሸኘው በር ድረስ ነው። ዛሬ ትፈርማለህ።"

"እሺ" አሉ፣ ትሑት ሆነው። በራፍ ላይ ቆመው አባቴን ሳሙት፣ እኔንም ሳሙኝ። ደረጃውን ወረድን። አባቴ በየደረጃው ወደ ኋላ እያየ ነበር የሚወርደው።

መኪናውን አስነሥቼ በረዶውን ከመስታወቱ እስኪያቀልጠው ስንጠብቅ አባቴ ቤት ደወለ፤ እናቴ አሁን መጨዋወት አንችልም፣ ብረት እየቆፈርኩ ነው አለችው። ስልኩን ዘግቶ ሲስቅ፣ በጎን መስታወት የሕንፃው በር ሲከፈት አየሁ።

ጋሼ ፍቅረሥላሴ ወጡ። አሁን ካፖርትና ቡትስ አድርገዋል። ወደ መኪናችን እየመጡ ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተዋል፤ በጣቶቻቸው መካከል ቁልፉ ያብረቀርቃል።

"አየኸው?" አልኩት አባቴን።

"አይቼዋለሁ" አለና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።