የማይዛመዱ አምስት ሰዎች

አያ ደምሴ ግንቦት ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ከጉና ሥር በእግራቸው ተነሥተው ደብረ ታቦር፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣

«ቦራ ገደል ገባ» አሉኝ።

ቦራ በሬያቸው ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው ባርከውታል። ሥጋውን የአገር ሰው በዱቤ ተካፍሎታል፤ ዱቤው የሚከፈለው ጥር ላይ፣ አውድማ ሲነሣ ነው።

«ሌላው በሬ ብቻውን ቆሟል» አሉ። «ባለ አንድ በሬው ሁሉ እርስ በርሱ ተቀናጅቶ አለቀ። ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ገብሱ መሬት ካልያዘ መሬቴን ለሰው እኩል ልሰጥ ነው፣ ልጄ ይሻው።»

እኩል ማለት ባለ በሬው ያርሳል፣ የምርቱን ግማሽ ይወስዳል ማለት ነው። አያ ደምሴና ባለቤታቸው እትዬ ውዴ አምና ሙሉውን አስገብተው እንኳ ሚያዝያን የተሻገሩት በድንች ነው። በግማሹ የት ድረስ እንደሚሄዱ ለማስላት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። እኔ ግን ተምሬአለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ «የገጠር ብድር አቅርቦትና ተግዳሮቶቹ» ነበር። ዩኒቨርሲቲው ኤ ሰጠኝ። ሥራ ግን የሰጠኝ የለም፣ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ በገጽ ነው የምኖረው።

እናም ጊዜዬ ደረሰ ብዬ የበሬ መግዣ ብድር ለመፈለግ ሠንጠረዥ ሠራሁ።

በከተማችን ለገበሬ እናበድራለን የሚሉ ሦስት የግል ማይክሮፋይናንሶች አሉ፦ ቡቃያ፣ ምርኩዝ እና ጠል። ሦስቱም ግድግዳቸው ላይ ስንዴ ማሳ ውስጥ ቆሞ የሚስቅ ገበሬ ለጥፈዋል። ሦስቱም ላይ ያለው ሰው አንድ ነው። አያ ደምሴ ሦስተኛው ቢሮ ላይ ሲያዩት፣ «ይኼ ሰውዬ ከሁሉም ተበድሮ ነው እንዲህ የሚስቀው?» አሉ።

ቡቃያ ወለዱ አሥራ አምስት በመቶ ነው። ደስ ይላል። ግን አሥራ አምስቱ የሚታሰበው ሁልጊዜ በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው፤ ግማሹን ከፍለው ቢጨርሱም ወለዱ እንደ ሙሉው ይቆጠራል።

«ቆይ እስቲ» አሉ አያ ደምሴ። «ግማሹን አርጄ ለበላሁት በሬ የሙሉ በሬ ሣር ልጨድ?»

በአራት ዓመት ትምህርት እንዲህ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም። ቡቃያ ደግሞ ከመበደር በፊት ሦስት ወር ቆጥቡ ይላል። ሦስት ወር ማለት ነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ላይ የሚዘራ ገብስ የለም።

ምርኩዝ ሃያ አራት በመቶ ይላል። ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ስለሚታሰብ ከቡቃያ ይረክሳል። ሠንጠረዤ ላይ ይህን በቀይ አሠመርኩበት። ከዚያ በታች በትንሽ ፊደል፦ ደመወዝተኛ ዋስ።

«ደመወዝተኛ ማን አለን?» አሉ።

«አንድ መምህር ጓደኛ አለኝ። ለሦስት ሰው ዋስ ሆኖ አሁን ስልክ አያነሣም።»

«አንተስ?»

እኔ ሠንጠረዡን አገላበጥኩ። እሳቸውም ጥያቄውን ወዲያው ተዉትና ስለ ዝናብ አወሩ። ትልቅ ሰው ናቸው።

ጠል ቀረ። ወለዱ ከሁለቱ መካከል ነው። ቁጠባም ደመወዝተኛም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አምስት ሰው በቡድን ሆኖ አንዱ ለአንዱ እንዲዋስ ብቻ ነው፤ አንዱ ካልከፈለ አራቱ ይከፍላሉ። እና አንዲት ትንሽ ነገር፦ በአምስቱ መካከል የሥጋ ዝምድና መኖር የለበትም። ዘመዳሞች ተማክረው አንድ ላይ ይጠፋሉ ብሎ የፈራ ሰው፣ ጉናን አይቶ የማያውቅ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ የጻፈው ነው።

«ያንተን ሠንጠረዥ ሰማሁ» አሉ አያ ደምሴ። «የእኔን ስማ። ቡቃያ እንደቆምሁ አናገረኝ። ምርኩዝ ወንበር ሰጠኝ፣ ግን ስልኩን እያየ ነው የሰማኝ። ጠል ያለችው ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ። ጠል ይሁን።»

ሠንጠረዤም ጠል ብሎ ነበር። ወረቀት ቆጥበን በቀረን።

ችግሩ አምስት የማይዛመድ ሰው ማግኘት ነው። አያ ደምሴ አገራቸው ገብተው ሦስት ቀን ዞሩ። ባዳ የሆነው ሁሉ፣ «ደምሴ፣ አከብርሃለሁ፣ ግን ለሥልሳ ሺህ ብር ዋስ የሚሆን ዘመድ ነው» አለ። እውነቱን ነው። እሺ ያሉት አራቱ እሺ ያሉት ዘመድ ስለሆኑ ብቻ ነው። ጠል የማይፈልጋቸው ደግሞ በዚሁ ምክንያት ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። አምስቱንም ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሰብስቤ ልምምድ አስጀመርኩ። ዓለሚቱ አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ዶሮ ለማርባት የምትበደር። ፈንታሁን አለ፤ ሁለት ጥንድ በሬ ያለው፣ በግ አድልቦ ለመሸጥ ያሰበ። ሌሎቹ ሁለቱ ሲሳይና ወንድሙ ናቸው፤ ወንድማማችነታቸውን ለመደበቅ አንዱን በአባቱ፣ ሌላውን በአያቱ ስም አስመዘገብኩ። ይህን ስጽፍ ዩኒቨርሲቲው ኤውን እንዳይቀማኝ እሰጋለሁ።

«ዝምድና አላችሁ ወይ ብላ ብትጠይቃችሁ?»

«ጎረቤት ነን!» አሉ በአንድ ድምፅ፣ እንደ ቄስ ተማሪ።

«አያ ደምሴ፣ እርስዎስ?»

«ጎረቤት ነን» አሉ፤ ቃሉ እንደ ኮሶ እየመረራቸው።

በማግስቱ፣ ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጠል ገባን። ልጅቷ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ የይፋግ ልጅ ናት። እንደ ተነገረው ተነሥታ ተቀበለችን። ወንበር አልበቃ ሲል የራሷን ለአያ ደምሴ ሰጥታ ቆማ ትጽፍ ጀመር። መሬት ጠየቀች፣ መለሱ። የልጅ ቁጥር ጠየቀች፣ መለሱ። የእኔ ልብ በፎቶ ኮፒ ማሽን ፍጥነት ይመታ ነበር። ገጹን ገለጠችና ወደ ዓለሚቱ ዞረች።

«እርስዎና ጋሽ ደምሴ ዝምድና አላችሁ?»

ዓለሚቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አያ ደምሴን አላየችም፤ መሬት መሬቱን እያየች፣

«የለንም» አለች። «ጎረቤት ነን።»

እንደ ልምምዱ ነው። አንድ ቃል አልሳተችም። ፍሬሕይወት ጻፈች። እኔ ተነፈስኩ። ብድሩ እጃችን ገብቶ ነበር፤ እምላለሁ፣ ገብቶ ነበር።

አያ ደምሴ ግን ዓለሚቱን ያዩዋት ነበር። በእኛ አገር ዘመድ ፊት ለፊት የሚካደው ወይ ነፍስ አጥፍቶ፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሰርቆ ነው። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። ያደረጉት በሬ ገደል መክተት ብቻ ነው። ለብድሩ ሲባል መሆኑን ያውቃሉ፣ ራሳቸው ተለማምደውታል። ቢሆንም ከሰው አፍ ሲሰሙት ሌላ ሆነባቸው።

«የለንም አልሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አያ ደምሴ…» አልኩ።

«ዝም በል አንተ! ዓለሚቱ፣ የእናትሽን ሬሳ በዚህ ትከሻ ተሸክሜ? ለልጅሽ ክርስትና በግ ስቤ? የለንም?»

«እንደ ተባልሁት እኮ ነው ያልሁት!» አለች ዓለሚቱ፤ ዕንባዋ መጣ።

«ብትባይስ!» ተነሡ። «ጻፊ ልጄ። ውብነህ ሦስት ወለደ፤ አድማሱን፣ ትርንጎን፣ ጠጂቱን። አድማሱ አባቴን ተገኘን ወለደ። ትርንጎ የዚች ቅድመ አያት ናት። ሰባት ቤት እንኳ አይሞላም፣ ብንጋባ ቄሱ ያወግዘን ነበር!»

ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥሮ የኖረ ሕዝብ ቆጠራ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ሲሳይ ደግሞ፣ «ፈንታሁንም የአድማሱ የልጅ ልጅ ነው፣ በሴት በኩል» ብሎ አገዛቸው። ከዚያ ጉድለቱን ለማረም ያህል፣ «እኔና ይኼማ ያንድ እናት ልጆች ነን» ብሎ ወንድሙን አሳየ። ፈንታሁን ግድግዳው ላይ የሚስቀውን ገበሬ ትኩር ብሎ ያይ ጀመር።

ፍሬሕይወት መጻፉን ትታ ብዕሯን ከወረቀቱ አንሥታለች። አያ ደምሴ ግን ፊቷን አይተው አንድ ነገር ያዛቸው።

«ልጄ፣ ይፋግ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአዲስዓለም።»

«አዲስዓለም የማን?»

«የመርሻ…»

«የመርሻ እናት ጠጂቱ ውብነህ አይደለችም? ይፋግ የተዳረችው?»

ልጅቷ አፏን ያዘች። «እማማ ጠጂቱ» አለች። «ተዝካሯን አባቴ ነው ያወጣው ይላሉ…»

አያ ደምሴ ከጠረጴዛው ዞረው ሳሟት። እሷም አጎንብሳ ጉልበታቸውን ሳመች። ዓለሚቱ አለቀሰች፣ ሲሳይ አለቀሰ። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ቆመው አዩን። በዚያ ቢሮ ውስጥ በዚያን ቀን ከሦስት ወገን የመጣ ትውልድ ተገናኘ፤ አንድ ሳንቲም ግን ከዚያ ክፍል አልወጣም።

ፍሬሕይወት ዕንባዋን ጠርጋ ፋይሉን ዘጋች።

«አያ፣ አሁን ምን ልሁን? እርስ በርሳችሁ ዘመድ ናችሁ፣ ቡድኑ አይሆንም። እኔም ዘመዳችሁ ነኝ፣ ፋይሉን መንካት አልችልም። በዚህ ወር ሁለት ሰው ከሥራ አባረዋል። ምነው ዝም ባሉ! ምነው ትንሽ ዝም ባሉ፣ አያ!»

«አውቃለሁ» አሉ። ያውቁ ነበር። ሽበታቸው ሥር ላባቸው ሲወርድ አየሁት። ከተናገሩ በኋላ ነው የነቁት፤ ግን ቢደገምም ያንኑ እንደሚሉ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። «አዲስዓለምን ሰላም በይልኝ።»

እስከ በሩ ሸኘችን። ከቦርሳዋ አምስት መቶ ብር አውጥታ እጃቸው ላይ ልታስይዝ ስትል፣ «ደመወዝሽ ነው፣ ተይ» ብለው መለሱላት።

ከከተማ ወጣን። ጉና ራሱን በደመና ተከናንቧል፤ ዝናቡ እዚያ ጀምሮታል። አያ ደምሴ ደመናውን እያዩ ሄዱ፣ ሄዱ፤ አንድ ዳገት ላይ ደርሰው ቆሙና ፈንታሁንን ጠበቁት። ከአራቱ ለይተው ወደ ጎን ሲወስዱት እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ።

«ፈንታሁን፣ ያ ከምንጩ በላይ ያለው ማሳዬ…» አሉ። «ዘንድሮ በሬህ ጊዜ ይኖረው እንደሆን…»

«እኩል ነው?» አለ ፈንታሁን። አላስጨረሳቸውም። ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ምናልባት ቦራ ገደል ከገባበት ቀን ጀምሮ።

«እኩል።»

«ዘሩስ?»

«ዘር የለኝም። በላነው።»

ፈንታሁን በእጁ የያዘውን የዝንብ ጭራ ወዘወዘ፤ አሰበ፤ ወይም ያሰበ መሰለ። «እንግዲህ ዘሩ ከእኔ ከሆነ ለአንድ ዓመት አያዋጣኝም፣ አያ ደምሴ። ሁለት ዓመት ይሁን። ወረቀቱን ይሻው ይጻፈው።»

አያ ደምሴ መሬቱ እዚያው እግራቸው ሥር ያለ ይመስል ወደ ታች አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፈንታሁን መታላቸው። ወሬው እንዳለቀ ፈጠን ብሎ ወደ ሌሎቹ ሄደ።

እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ «ዘመድ ተብሎ!» አልኩ። «ይኼ ነው ዘመድ?»

«ተው» አሉ አያ ደምሴ፤ የፈንታሁንን ጀርባ እያዩ። «ባዳ ቢሆን ሦስት ዓመት ነበር የሚለኝ።»