የመጀመሪያው ቦሎ

«ባለንብረቱ ራሳቸው ይምጡና ይክፈሉ» አለች ግብር ተቀባይዋ፣ ሊብሬውን በመስታወቱ ሥር መልሳ እየገፋች።

«ባለንብረቷማ እኔ ነኝ።»

«እዚህ ላይ ያለው የወንድ ስም ነው፣ እህቴ። ቀጣይ!»

ወንበር አልባሿ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰውዬ ቢያጉረመርምም ጆሮ አልሰጠችውም። የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር ከፕላስቲኩ አውጥታ ገለጠችው። የአባቷ ስም አለ፤ የአያቷም ስም አለ፤ ከፊታቸው የተጻፈው ግን የእሷ ሳይሆን የታላቅ ወንድሟ ነው። ደግማ አነበበችው። ፊቷ እሳት ሆነ።

ሥራዋ የመኪና ወንበር ማልበስ ነው። ከአንድ ጋራዥ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጣ የሰው ወንበር ስታለብስ ነው ወጣትነቷ ያለቀው። ያለበሰችው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ስፌቱ መያዙን ለማየት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ባለቤቱ ይመጣል፣ እሷ ትነሳለች። በመጨረሻ የራሷን መኪና ለመግዛት ሲሞላላት፣ የአንድ አውቶቡስ ሙሉ ወንበር ታዝዛ ቀና ማለት አቅቷት ነበርና ታላቅ ወንድሟ ጋሼ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ የወረቀቱን ጣጣ ለእኔ ተዪው» አላት። ተወችለት። መኪናዋንም፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ሊብሬም አመጣላት። እሷም ሳትገልጠው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሞኝነት ነው? በእነሱ ቤት አይደለም። አባታቸው ከሞተ ወዲህ በጋሼ እጅ ያለፈን ነገር ገልጦ ማየት ጋሼን ሌባ ከማለት አይለይም። እሷና ታናናሾቿ ከሱቅ የተረፈ መልስ እንኳ ሲሰጣቸው ሳይቆጥሩት ነበር ኪሳቸው የሚከቱት።

ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ስትገባ የግቢው ዘበኛ ፈገግ ብሎ «የጋሼን መኪና ይዘሽ መጣሽ? ዛሬ ደግሞ ሹፌር አደረገሽ እንዴ?» ሲላት ቀልድ መስሏት አብራው ስቃ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ለካ ጋሼ «ሞተሯ እንዳይተኛ» እያለ መኪናዋን በየሳምንቱ የሚወስዳት ለዚህ ነው! ስንቱ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎታል! ግብሩንም «እኔ እከፍልልሻለሁ፣ አንቺ አትድከሚ» እያለ ሲወተውታት ነው የሰነበተው። እሷ ግን የመጀመሪያውን ቦሎ፣ ግብር መከፈሉን የሚመሰክረውን ያን ቁራጭ ወረቀት፣ በገዛ እጇ መስታወቱ ላይ መለጠፍ አምሯት ሳትነግረው ወጣች። ከዛሬ ካለፈ ደግሞ ቅጣት አለው።

ደወለችለት። «ጋሼ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው።»

«ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» አላት።

ተሳስተው ይሆናል እንኳ አላለም። እስኪመጣ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

መጣ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የዘበኛውን ትከሻ መታ መታ አደረገ፣ ብሩን ከእጇ ተቀበለ፣ በመስኮቱ በኩል ከግብር ተቀባይዋ ጋር ተሳሳቀ፣ ከፈለ። ከዚያ ቦሎውን በሁለት ጣቱ ይዞ መኪናዋ ወደቆመችበት ወደ ግቢው መሐል ወጣ። እሷም ተከተለችው።

«በምን ሒሳብ ነው በእርስዎ ስም የሆነው?»

«አትጩኺ እንጂ። ነገ አንዱን ታገቢያለሽ፤ የቤታችን ንብረት ባዳ እጅ ይግባ? ለአንቺው ብዬ ነው። ደግሞ ስም ምንድን ነው? ወረቀት እኮ ነው!»

«ወረቀት ብቻ ከሆነ ፈርም» አለችው። «ስም የሚዛወረው ያው እዚያ ነው፣ ከግብሩ ጎን ባለው መስኮት። ሂድና ፈርምልኝ።»

አንቱታው ከአፏ መውደቁን ሁለቱም ሰሙት። የጋሼ ፊት ጠቆረ።

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ! ቁልፉን አምጪ። ቤት ገብተን እንነጋገራለን።»

ቤት ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። እናቷ ታለቅሳለች፤ ታናናሾቿ «በቃ ተይው፣ ወንድምሽ አይደል?» ይሏታል፤ ነገሩ በሳምንቱ ይረሳል፤ ጋሼ ይነዳል። ያን ሁሉ ዘመን ተጎንብሳ ወገቧ የተቆረጠው እሱ በመኪናዋ ሰው ፊት እንዲኮራ ነበር?

ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ። መኪናዋ በስምህ ናት። የወንበሩ ልብስ ግን በማንም ስም አልተጻፈም።»

ከቦርሳዋ የሥራ መቀሷን አውጥታ የኋላውን በር ከፈተች። ቀይ ቆዳ ነው፣ በነጭ ክር፤ ለማንም ሰፍታ የማታውቀውን ድርብ ስፌት ለራሷ የሰፋችው። ክሩን የምትቋጥረው ከመደገፊያው ሥር፣ የማንም ዓይን ከማያርፍበት ቦታ ነው፤ ያ ቋጠሮ ከተቆረጠ የቀረው ይከተላል። ቆረጠችው። ክሩን በጣቷ ጠምጥማ ሳበችው፤ ስፌቱ እየተንጣጣ ተፈታ። ቆዳውን ገፍፋ፣ አጣጥፋ መሬት ላይ አኖረችው። ሥሩ ያለው አሮጌ ስፖንጅ የስንት ሰው ላብ የጠጣ፣ የተቦጫጨቀ፣ ሽቦው የወጣ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ሳቀ። የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር ሲራቆት ሳቁን አቆመ። ከሰልፉ ሰዎች እየወጡ መጡ፤ ዘበኛውም መጣ።

«ምን ሆነች?» አለ ዘበኛው።

«አብዳለች» አለ ጋሼ።

«ወንበሬን እየወሰድኩ ነው» አለች ቀና ሳትል። «የሰፋሁት እኔ ነኝ። መኪናዋንም የገዛሁት እኔ ነኝ። እሱን ጠይቀው።»

ዘበኛው ወደ ጋሼ ዞረ። ሌሎቹም ዞሩ። ጋሼ በሩን ከፍቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ከእንግዲህ ይቺኛዋን እንኳ ማን ይነካታል እንደማለት።

እሷም ከኋላው ገባች። የተራቆተው ስፖንጅ ላይ ተንበርክካ፣ እሱ ከተደገፈበት ቆዳ ሥር ጣቷን ሰደደች። ቋጠሮውን አገኘችው። የወንድሟ ጀርባ በቆዳው ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማታል። ትንሽ ልጅ ሳለች ይህ ጀርባ አዝሏት ያውቃል፤ ትዝ ሲላት ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰባት።

«እኔን ይህን ታደርጊኛለሽ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳይዞር።

«ፈርም።»

«ስም የሚያዛውር አለ?» የሚል ጩኸት ከወዲያኛው መስኮት መጣ። «ልንዘጋ ነው!»

ጋሼ ቦሎውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ በሌላው መሪውን ጨብጦ ቆየ። እሷም የክሩን ጫፍ ከመቀሱ አፍ አግብታ ጠበቀች።

ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ አንድ እግሩ ወርዶ መሬት ነካ። ሁለተኛው ገና አልተከተለም።