የታጠነው እንስራ

ልጄ እመቤት ከኮሌጅ ወጥታ ሥራ ስታጣ ለከሰል የተከልነውን የዲከረንስ ዛፍ ከጓሮ አስነቅላ ኩሬ አስቆፈረች። ዳንግላ ዙሪያ ለዓሣ ብሎ ዛፍ የሚነቅል የለም። ጎረቤታችን እንግዳው አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆየና፣

"እመቤት፣ እንቁራሪት ልታረቢ ነው?" አላት።

"አዎ አያ እንግዳው። ሲደርስ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምልከው" አለችው።

እናቷ በቀለች የፈራችው ሌላ ነው። የልጅቱ ጓደኞች አንድ በአንድ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ደላላው ለእመቤትም ይደውላል። "ይኸ ዓሣ ከያዘልኝ አልሄድም" ብላናለች። ስለዚህ በቀለች ኩሬውን እንደ ሕፃን ጠበቀችው። ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅላ ስትበትን ቆሮሶ የሚባሉት ዓሣዎቻችን ወደ እጇ ይመጡ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ሸተተ። ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ እያደረጉ መንሳፈፍ ጀመሩ። እመቤት ባሕር ዳር ሄዳ በጀሪካን ቡናማ ፈሳሽ ይዛ መጣች።

"ምንድን ነው?" አለቻት እናቷ።

"የዓሣ መድኃኒት ነው፣ እማዬ። ለስብሰባ እንጅባራ ተጠርቻለሁ። እስክመለስ ከምግባቸው ጋር እየቀላቀልሽ ስጪልኝ።"

እመቤት በሄደች ማግስት ጀሪካኑ ተነፋ። በቀለች ክዳኑን ስትፈታው እስስ አለ፤ አረፋ ወጣው፤ ኮምጣጣ ሽታ ቤቱን ሞላው። መድኃኒቱ ሊበላሽ ነው ብላ ደነገጠች። በእኛ ቤት ወተት ሊበላሽ ሲል እሳት ላይ ይጣዳል፤ ዕቃው በግራዋ ታሽቶ በወይራ ይታጠናል። እሷም ፈሳሹን እስኪንተከተክ አፈላችው። እንስራ አጥባ፣ አጥና፣ ሲቀዘቅዝ ገለበጠችበት። እኔ ከእርሻ ስገባ አፉን በንጹሕ ጨርቅ እያሰረች ነበር።

"አዳንኩላት" አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ እየቀላቀለች ሰጠቻቸው። ዓሣዎቹ ግን ነጭ ሆዳቸውን እየገለበጡ ማለቅ ያዙ። ባለቁ ቁጥር አብዝታ ጨመረች።

እመቤት ስትመለስ መጀመሪያ ወደ ኩሬው፣ ቀጥሎ ወደ እንስራው ሄደች። ጨርቁን ፈትታ አሸተተች።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽው?"

"ሊበላሽ ሲል አፈላሁት። ዕቃውንም አጠንኩት።"

ልጅቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ሕይወት ያለው ነገር እኮ ነው። ባክቴሪያ ነው፤ ደጉ ባክቴሪያ። ውሃውን ያጠራል፣ ዓሣው ሆድ ገብቶ ከበሽታ ይከላከላል። አረፋውም ሽታውም ደኅና መሆኑ ነበር።"

"መድኃኒት ነው አላልሽኝም?"

"ተህዋስ ነው ብልሽ ትሰጫቸው ነበር?"

በቀለች አሰበች። "አልሰጥም ነበር" አለች። "እርሾ ነው ብትይኝ ግን…"

"እሱንስ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ" አለች እመቤት። አልጮኸችም። ብትጮህ ለእናቷ ይቀላት ነበር። የሞቱትን ሁለቱ አብረው በመረብ አውጥተው ቀበሩ።

ከጥምቀት በኋላ ልጄ ዓረብ አገር ሄደች።

አንድ ቀን ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"እማዬ፣ የተረፈ ዓሣ አለ?"

"አለ። አድጓል" አለች በቀለች።

"ታዲያ ጠብቂልኝ። ስመጣ ከእሱ እጀምራለሁ።"

ኩሬው ውስጥ አንድም አልነበረም። በቀለች ስልኩን አስቀምጣ አየችኝ። የተናገረችው እውነት ይሁንላት ብዬ በገበያ ቀን ከተማ ወጥቼ ግብርና ቢሮ ገባሁ። ባለሙያው ጎልማሳ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

"የዓሣ ጫጩት ፈልጌ ነበር" አልኩት።

"ይገኛል፣ አባቴ። የሚይዘው ማን ነው? እርስዎ ሰልጥነዋል?"

"ልጄ ናት የሰለጠነች።"

"እንግዲያው እሷን ይላኩልኝ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ።