ፔዳልና የደንገሉ ዳር መንገድ

ሳይክል ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ «ፔዳል» ነው የሚለው። በሙያው ምክንያት የወጣለት ስም ይመስላል፤ አይደለም። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ እግሩ አያርፍም፣ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ያሽከረክራል። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የነበረች ሴትዮ «ወንድሜ፣ አግዳሚው ይዞን ሊሄድ ነው እኮ» ብላ ተነሥታ ቆማለች ይባላል።

ያን ቀን ደግሞ ባሰበት። ከጠዋት ጀምሮ የአንዱን ጎማ ራጂ፣ ማለት ሽቦውን፣ አጥብቆ ሳይጨርስ የሌላውን ሳይክል ጎማ ይፈታል። መንፊያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መንፊያ ይፈልጋል።

ሚስቱ ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ የያዝከውን አስቀምጥና ፈልግ። ማን ያውቃል፣ ታገኘው ይሆናል።»

«ቀልጂ አንቺ! ዛሬ ካልሆነ አለቀለት እኮ ነው።»

«ምኑ?»

«መንገዱ ነዋ!»

እሷስ መች ጠፍቷት። ላለፉት አስራ አንድ ወራት በዚያ ቤት ከመንገዱ ሌላ ወሬ ተወርቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። በሳይክል አገር የሚዞሩ መንገደኞች፣ ሻንጣቸውን ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው፣ በመጠለያው አጠገብ በሚያልፈው አስፋልት ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት ከመንገደኞቹ አንዷን መኪና ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። ፔዳል የተጣመመ ጎማዋን ሲያቃና፣ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ «ሌላ መንገድ የለም እንዴ?» አለችው። ያቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችው። ሲፈልግ ሲፈልግ ከርሞ፣ በመጠለያው ውስጥ በሐይቁ ደንገል ዳር የሚያልፍ፣ ጠባቂዎች ድሮ የተዉት መንገድ አገኘ። እሾሁን መነጠረ፣ ድንጋዩ ላይ ነጭ ቀስት ቀባ፣ አርባ ጊዜ ነዳበት። ከዚያ ካርታ ስሎ «ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ብሎ ጻፈበትና ለመጠለያው ኃላፊ አመለከተ።

«ሳይክል እንስሳቱን ይረብሻል» ተብሎ ተመለሰ። ደግሞ አመለከተ። በሁለተኛው ኃላፊዋ ራሷ፣ ፀጉሯ የሸበተ ቁጥብ ሴት፣ ነድታ ልታየው ተስማማች።

«ብቻዬን ነው የምሄደው» አለችው። «አንተ ካለህ መንገዱን ሳይሆን አንተን ሳይ ነው የምውለው። ዛሬ ካላሳመነኝ ግን ፋይሉ ይዘጋል፣ ተግባብተናል?»

«ተግባብተናል» አለ፤ ምን ይበል?

ስምንት ሰዓት ላይ እሱ ራሱ ሰንሰለቱን ቀብቶ ባዘጋጀላት ሳይክል በትልቁ በር ገባች። እሱ ወደ መውጫው፣ ወደ ትንሹ በር ሄዶ መጠበቅ ጀመረ። መጠበቅ ከተባለ።

«ቁጭ በል እንጂ» አሉት ሽማግሌው ዘበኛ።

«ቁጭ ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«ቁጭ ያለ ሰው ሲዞረኝ የመጀመሪያዬ ነው። አዞርከኝ እኮ!»

አስር ተኩል ሆነ። ኃላፊዋ የለችም። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፔዳል በሐሳቡ ሰንሰለቱን አንዴ በጥሶታል፣ ፍሬኑን ሁለቴ አስከድቶታል፣ ሴትዮዋን ከነሳይክሏ ሐይቅ ውስጥ ከትቷታል። አስራ አንድ ሲሞላ ሳይክሉን ከአጥሩ ላይ አነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉ ዘበኛው።

«አንድ ነገር ሆናለች።»

«ሃያ ዓመት በዚህ ዱር የኖረች ሴት ምን ትሆናለች? ብቻዬን ብላለች እኮ! በሩ አስራ ሁለት ላይ ይዘጋል፣ ሰማህ? አንተ ልጅ!»

«ልጅ» የተባለው ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አልፎ ነበር።

ደንገሉ ዳር ሲደርስ ሳይክሏን አየ። ሣር ላይ ተጋድማለች። ሰው የለም። ደወሉን ደጋግሞ እየመታ፣ ባለ በሌለ ድምፁ «እመቤት! እመቤት! የት ነዎት?» ብሎ ጮኸ።

ውሃው ፈነዳ። አጋዘኖች ከደንገሉ ውስጥ እየዘለሉ ወጥተው፣ ጭቃውን እየረጩ ወደ ዛፎቹ ሸሹ። ወፉ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥቶ ሰማዩን ሞላው። ከዚያ ጸጥ ሲል ኃላፊዋ ሣር ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ፣ ማስታወሻዋን በእጇ ይዛ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ደህና ነዎት?» አላት።

«ደህና ነበርኩ።»

«እዚህ... እዚህ አጋዘን አለ እንዴ?» አመለጠው።

ኃላፊዋ አተኩራ አየችው። «አርባ ጊዜ አልፌበታለሁ ብለህ ጽፈህልኝ የለም?»

«አልፌበታለሁ። በልጆቼ ይሁንብኝ።»

«አንድም ቀን አላየሃቸውም?»

«አላየሁም።»

«ቆመህስ ታውቃለህ?»

አሰበ። ከልቡ አሰበ። «አንድ ቀን የጎማዬ ከመነዳሪ ፈንድቶ ቆሜአለሁ።»

«የቱ ጋ?»

«ቤቴ በር ላይ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ማስታወሻዋን ከደነችው። «ማመልከቻህ ላይ ‹ሳይክል አይረብሻቸውም› ብለሃል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ላምንህ ስል ነበር። እኔ ቀስ ብዬ መጥቼ ከሳይክሉ ስወርድ አንዷ እንኳ ቀና አላለችም። አሁን ግን ራስህ አሳየኸኝ።»

አስራ አንድ ወር ሙሉ ሲሮጥ፣ እነዚህ ፍጥረቶች ደግሞ ከፊቱ ሲሮጡ ኖረዋል ማለት ነው።

«አጋዘኖቹ ይመለሳሉ?» አላት።

«ሰው ዝም ካለ።»

«በስንት ደቂቃ?»

«ሰዓት አይቆጥሩም።»

ሰዓቱን አየ። በሩ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቷል። «እንጠብቃ» አለ።

«አንተ?»

«እኔ።»

ቁጥቋጦው ጀርባ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀኝ እግሩ ጀመረ። በግራው ተጫነው፤ ግራው ቀጠለ። ኃላፊዋ ቦርሳዋን አንሥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችበት። ውስጡ ድንጋይ ያለ ይመስል ከበደው። ትንኝ አፍንጫው ላይ አረፈች፣ ጠጥታ ጠግባ ሄደች። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። ለመነሣት፣ አንዴ ብቻ ለመንጠራራት፣ ግማሽ ዕድሜውን በሰጠ።

መጀመሪያ አንድ ሽመላ መጣ። ቆይቶ ሌላ። ከዛፎቹ በኩል ግን ምንም የለም። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ሃያ አምስት። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየችና እስክሪብቶዋን ከተተች።

ያኔ ቅርንጫፍ ተንቀሳቀሰ። አንዲት እናት አጋዘን ጆሮዋን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያዞረች ወጣች። ቆመች። ወደ ቁጥቋጦው አየች። ፔዳል ትንፋሹን ዋጠ። ከሆዷ ሥር፣ እግሩ ገና ያልጸና ግልገል ብቅ አለና ውሃው ውስጥ አፉን ነከረ። ከኋላው ሌሎቹ ተከተሉ።

«አስራ አንድ» አለች ኃላፊዋ በሹክሹክታ። «አራቱ ግልገል።»

የፔዳል ሁለት እግሮች መሬት ላይ አርፈው ነበር።

ሲወጡ ሳይክላቸውን እየገፉ፣ እንደ ሌባ ኮቴያቸውን አጥፍተው ነው። ጠመዝማዛውን ካለፉ በኋላ ኃላፊዋ ቆመች።

«መንገዱ ይከፈታል» አለች። «ግን ከዚህ ጀምሮ ደንገሉን አልፎ እስካለው ድልድይ ድረስ ማንም አይነዳም፣ እየገፋ ነው የሚያልፈው። ደወል የሚባል አይሰማም። ያንን ‹ሁለት ሰዓት ተኩል› ደግሞ ሰርዘው።»

«ስንት ልበል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ? እንደ ሰው ሄደህ፣ እንደ ሰው ቆመህ ለካው።»

«ነገ ጠዋት!»

«ነገማ አይሆንም፤ ዛሬ ያስደነገጥካቸው ይበቃቸዋል። ሰኞ።»

«ሰኞ? ሰኞ እኮ ሩቅ ነው፣ እመቤት!»

ኃላፊዋ ወደ በሩ መግፋቷን ቀጠለች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። እነዚያን ሦስት ቀናት ሚስቱ እንዴት እንደቻለችው እሷ ትናገር።